ሥራ ሥር የሚነግድ ሰው ድስቱን ይወቅ

ጨርቅ የሚነግድ ሰው ጥጡን ከሐሩ በእጁ ዳስሶ ይለያል። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ፍሬውን አስቆልቶና አስፈልቶ ካላስቀመሰ በቀር ዋጋ አይቆርጥለትም። ነገሩ ወደ ድንቹ፣ ወደ ሽንኩርቱ፣ ወደ ካሮቱና ወደ ቀይ ሥሩ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀርና፣ ከመሬት የወጣው ሁሉ በአንድ ጆንያ ታጭቆ በኩንታል ይሸጣል። ሻጩም ገዢውም የሚነጋገሩት ስለ ዋጋው ብቻ ነው፤ ሸቀጡ ለምን ዐይነት ወጥ እንደሚውል፣ ስንት ቀንም እንደሚቆይ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ከዚህ የተነሣ የሚደርሰው ኪሳራ በሒሳብ መዝገብ ላይ ለብቻው ተለይቶ ስለማይጻፍ፣ የደረሰበት ነጋዴ እንኳ «ገበያው ወደቀ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ፣ የገዛውን ነገር ጠባይ ባለማወቁ የመጣ መሆኑን አያስተውለውም።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት ከወረታ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲያጥለቀልቁት ሩዝ ያበቅላል። ውሃው በሸሸ ጊዜ ደግሞ በእርጥቡ ጥቁር አፈር ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ውሃ በሞተር እየተሳበ በሚጠጣው ማሳም ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከልበታል። በስተ ምሥራቅ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ፋርጣ ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። የዚያ ደጋ ሰብል ከገብሱ ቀጥሎ ድንች ነው። እንግዲህ የሜዳው ሽንኩርትና የደጋው ድንች የሚገናኙት በወረታ መገንጠያ ላይ በመሆኑ፣ የዚህ ንግድ መልካምነቱም ሆነ ጉድለቱ በዚያ ጎልቶ ይታያል።

በጣና ዙሪያ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ምግብ እንግዳ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ፣ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ባለው አገር እንሰት ለምግብ ይውል እንደ ነበር ጽፏል። ድንች ግን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ያመጣውም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 እንደ ነበረ ይነገራል። ለብዙ ዓመታት በጥቂት ሰዎች ጓሮ ብቻ ተወስኖ ቆይቶ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ አልቆ ሕዝቡ በረኀብ ባለቀበት በክፉ ቀን ጊዜ ነው ገበሬው ፊቱን ወደ እርሱ የመለሰው። ድንች በሦስትና በአራት ወር ይደርሳልና፣ እህሉ ገና ሳይታጨድ ቤተ ሰብን ከጭንቅ ያወጣል።

ሰብል በገበያ የሚጸናው በመጀመሪያ በማድ ቤት ሲለመድ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የፎገራ ሩዝ ራሱ ይበቃል። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እየታገዘ በጅግናና በሻጋ ቀበሌዎች ሲጀመር፣ ገበሬው ምን ሊያደርገው እንደሚችል አያውቅም ነበር። ሴቶቹ ግን ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩበት፤ ዳቦም ጠላም አደረጉት። ከዚያ በኋላ ነው የሩዝ መፈልፈያዎቹ በወረታ የበዙትና የሩዝ ነጋዴ የሚባል ሙያተኛ የተገኘው። የሥራ ሥር ነጋዴዎች ይህን ዐይተው ሳለ ከማድ ቤት ምክር አለመጠየቃቸው የሚያስገርም ነው።

ሽንኩርትን እንመልከት። ምንም እንኳ የዕፀዋት ሊቃውንት ሽንኩርት በእውነቱ ሥር ሳይሆን የቅጠል ድርብርብ ነው ቢሉም፣ ገበያውም ድስቱም ከሥራ ሥር ጋር ስለሚቆጥሩት እዚህም እንደዚያው ይቆጠር። የወጣችን መሠረት ቁሌቱ ነው። ባለሙያ ሴት ሽንኩርቱን አድቅቃ ከትፋ፣ ዘይትም ቅቤም ሳታስገባ በደረቁ ረዘም ላለ ጊዜ ታቁላላዋለች። ወጡ ወፍሮ ከእንጀራው ጋር የሚያያዘው ሌላ ዱቄት ተጨምሮበት ሳይሆን፣ ሽንኩርቱ ፈርሶና ጣፍጦ ስለሚቋጥረው ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎና ከዚያም በላይ ሽንኩርት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ የበዛበት ሽንኩርት ወደ ድስቱ ሲገባ ግን መጀመሪያ ያን ውሃ ማትነን ግድ ይሆናል፤ ከሰሉ ወይም ኤሌክትሪኩ በከንቱ ያልቃል፤ ከሁለት ኪሎም የሚገኘው ቁሌት ከአንድ ኪሎ ተኩል እንደሚገኘው ያህል ይሆናል። እንግዲህ በኪሎ ሁለት ብር ረክሶ የተገዛው ሽንኩርት በእውነቱ የተወደደው ነው። ይህን ሒሳብ የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ያልጻፉት ስላልተጠየቁ ነው።

ያ ውሃ ከየት መጣ ቢባል፣ ከአነቃቀሉ ነው። ሽንኩርት ቅጠሉ አንገቱ ላይ ታጥፎ ሲወድቅ የደረሰ መሆኑን ያስታውቃል። ከመነቀሉም በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል መስኖው ሊቋረጥበት ይገባል፤ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ አንገቱ ደርቆ እስኪዘጋና የውጭ ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር መዘርጋት አለበት። በዚህ መንገድ የደረቀ ሽንኩርት ለወራት ይቆያል። አንገቱ እርጥብ ሆኖ በጆንያ የታሰረው ግን መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ከአንገቱ ሲሆን፣ አንዱ የበሰበሰው ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ደላላው ማሳ ድረስ ወርዶ ሽንኩርቱ ገና በመሬት ውስጥ ሳለ ዋጋ በሚቆርጥበት፣ መኪናውም ነገ ይደርሳል ተብሎ ዛሬ በሚነቀልበት አሠራር ግን ለማድረቂያ የሚሆን ቀን ከየት ይመጣል?

የገንዘቡን ነገር በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል እርጥብ ሽንኩርት እያንዳንዱን በ2,000 ብር ቢገዛና 10 ኩንታል ቢበሰብስበት፣ የቀረው 90 ኩንታል የ200,000 ብሩን ሙሉ ዕዳ ይሸከማል። ይህም ማለት መጓጓዣውና መልቀሚያው ሳይታሰብ፣ ኩንታሉ የቆመበት በ2,222 ብር ነው። በደረቀ ሽንኩርት ላይ በኩንታል 150 ብር ቢጨምር ኖሮ ከዚህ በታች በሆነ ዋጋ ሸቀጡን በእጁ ባገኘ ነበር። ሌላም አለ። የፎገራ ሽንኩርት በብዛት ወደ ገበያ የሚመጣው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። ይህም ወራት የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾምና ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ፋሲካ የሚውሉበት በመሆኑ፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አቅራቢው ደግሞ ከፈላጊው ስለሚበልጥ ዋጋው ይወድቃል። በክረምት ማሳው በውሃ ሲሸፈን ሽንኩርት ይወደዳል፤ ባለፉት ዘመናትም ከሱዳን በመተማ በኩል ሽንኩርት ይገባ እንደ ነበር የጎንደርና የባሕር ዳር ነጋዴ ያውቃል። በሚያዝያ ሽንኩርት የሚበሰብስበት አገር በነሐሴ የሰው አገር ሽንኩርት ከገዛ፣ የጎደለው መሬትም ውሃም አይደለም።

ወደ ድንቹ እንለፍ። በአውሮፓ ድንች ከመለመዱ በፊት ድሃውን የሚመግበው ፓርስኒፕ የሚሉት ሥር ነበር፤ መልኩ ነጭ ካሮት ይመስላል፣ በአገራችን ገበያም አይታወቅም። ገበሬዎቹ ውርጭ እስኪመታው ድረስ ከመሬት አያወጡትም ነበር፤ ብርዱ በውስጡ ያለውን ገንቢ ዱቄት ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ይጣፍጣልና። ይህ ጠባይ በድንችም ላይ አለ፤ ነገር ግን በድንች ላይ ሲደርስ ጥፋት ነው። ከ4 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ የቆየ ድንች ስኳሩ ስለሚበዛ፣ በዘይት ሲጠበስ ውስጡ ሳይበስል ውጭው ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይመርራል። የድንች ጥብስ የሚሸጡ ቤቶች «ዘይቱ መጥፎ ነው» እያሉ ዘይት ሻጩን የሚወቅሱበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ ግን ድንቹን በማቀዝቀዣ ካኖረው ሰው ሊሆን ይችላል።

ድንች ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ዱቄታማ ነው፤ ሲቀቀል ይፈረካከሳል፣ ለጥብስና ለፍትፍት ይስማማል። ሌላው ሲበስል ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ በእርድ ለሚሠራው አልጫ፣ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር ለሚቀርበው የጾም አትክልት የሚፈለገው ይህኛው ነው። ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያሻም። በአሥራ አንድ ስኒ ውሃ አንድ ስኒ ጨው አሟሙቶ ድንቹን ቢጨምሩበት፣ ዱቄታማው ይሰምጣል፤ ሌላው ይንሳፈፋል። ከአንድ ጆንያ አምስት ድንች አውጥቶ ይህን መፈተን የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከሆለታ የምርምር ጣቢያ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ፣ ከአዴትም ጓሳ የተባሉ የድንች ዘሮች ወጥተው በገበሬው እጅ ይገኛሉ። ገበሬው የዘራውን በስሙ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ድንቹ ከጋሪ ወደ መኪና ሲገለበጥ ስሙ ይቀርና፣ ወረታ ሲደርስ «የጋይንት» ወይም «የፋርጣ» ተብሎ የአገሩ ስም ብቻ ይተርፈዋል። ስም ያለውን ሸቀጥ ስም የለሽ አድርጎ መሸጥ በጨርቅ ንግድ ቢሆን ኖሮ እንደ ዕብደት በተቆጠረ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከዋጋም በላይ ነው። ድንች በብርሃን ሲቆይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአረንጓዴውም ጋር ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ይበዛበታል። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። ስለዚህ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚውል ድንች ለዐይን ያማረ ቢመስልም፣ ባለ ሱቁ ደንበኛውን እየጎዳ ነው። ድንች ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ፣ ሽንኩርት ደግሞ ደረቅና ነፋሻ ስፍራ ይወዳሉ። በአንድ ጓዳ ተደራርበው ሲቀመጡ ከድንቹ የሚወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበሰብሰዋል። ሁለቱ በወረታ መገናኘታቸው መልካም ነው፤ በአንድ መጋዘን ማደራቸው ግን መልካም አይደለም።

ስለ ካሮትና ስለ ቀይ ሥር የሚባለው አጭር ነው። ካሮት ከነቅጠሉ ሲሸጥ ያምራል፤ ቅጠሉ ግን ከሥሩ ውሃ እየሳበ በሁለት ቀን ያጠወልገዋልና፣ ሩቅ የሚጓዘው ቅጠሉ ይቆረጥ። ቀይ ሥር በተቃራኒው ሲቀቀል ከልጣጩ፣ ከጭራውና ከጥቂት አገዳው ጋር መሆን አለበት፤ አለዚያ ቀለሙ በውሃው ውስጥ ይቀራል። ለቃሚ ሠራተኞች ለማሳመር ብለው ጭራውን ከሥሩ ሲመለምሉት፣ ገዢዋ ሰላጣዋን ሐምራዊ ውሃ አድርጋ ታገኘዋለች።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ገዢ አይጠይቅም፣ ደላላው አይፈቅድም» ይባላል። ገዢ የማይጠይቀው የሚመርጠው ነገር ስላልቀረበለት ነው። ሁለት ጆንያ ጎን ለጎን ተቀምጦ «ይህ ለአልጫ፣ ይህ ለጥብስ» ቢባል፣ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ የትኛውን እንደምታነሣ አታጣም። ደላላውን በተመለከተ ግን ቅሬታው እውነት አለበት፤ ደላላ የሚኖረው በብዛትና በፍጥነት እንጂ በጥራት አይደለምና፣ አንድ ነጋዴ ብቻውን ልለይ ቢል መኪናው ባዶ ይቀርበታል። ስለዚህ በወረታ የሚገዙት ነጋዴዎች በአንድነት ተስማምተው፣ አንገቱ የደረቀውን ሽንኩርት በአንድ ዋጋ፣ ያልደረቀውን በሌላ ዋጋ እንገዛለን ቢሉ ነገሩ ይቃናል። ድንቹም በስሙ ተለይቶ በየጆንያው ይጻፍ።

ዋጋው ሲቆረጥ መታሰብ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሽንኩርት ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የማድረቂያው ጥላ የሚሠራውም በገበሬው እንጨትና ሣር፣ በገበሬው ጉልበት ነው። ለደረቀው የሚጨመረው ብር ከጎደለው ክብደትና ከዚህ ድካም የሚያንስ ከሆነ፣ ገበሬው እንደ ወትሮው ውሃውን ጨምሮ ቢሸጥ የሚፈርድበት የለም። ችግኙ የሚተከለው ከክረምቱ ውሃ መሸሽ በኋላ ስለሆነ፣ የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ስንት እንደሚሆን ከጥቅምት በፊት ተወስኖ በየቀበሌው ለገበሬው ቢነገረው፣ መስኖውን መቼ እንደሚያቆምና ጥላውን የት እንደሚተክል አስቀድሞ ያስብበታል።