መርዙ ውሻውን ይገድላል፤ በሽታው ግን ይቀራል

«ውሻችሁን እሰሩ!» የሚለውን የድምፅ ማጉያ ጥሪ ያልሰማ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መኪናው ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ ማታ መርዝ የተለወሰ ሥጋ በየጥጉ ይጣላል፤ ሲነጋ ሬሳ ይለቀማል። ሥራው በዚሁ ይዘጋል። ስንት ውሻ ነበር፣ ስንቱ ሞተ፣ ከሞቱት ስንቱ በሽታ ነበረበት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወራት ሳይቆጠሩ በዚያው ቄራ ደጅ፣ በዚያው የገበያ ጥግ ያንኑ የሚያህል መንጋ ይቆማል፤ ማጉያውም ተመልሶ ይወጣል። መስከረም 18 ሲደርስ ደግሞ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይከበራል፤ ባነር ይሰቀላል፤ «እ.ኤ.አ. በ2030 በውሻ ምክንያት በእብደት የሚሞት ሰው አይኖርም» የሚለው ዓለም አቀፍ ግብ ይነበባል። ጋዜጣችንን ያስቆጣው ማጉያውና ባነሩ እንደማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አገር መኖራቸው ነው።

ግቡ ሊሞላ የቀረው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። በሽታው ግን በዓመት ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ ይገድላል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህም ከመቶ 99ኙ የተያዙት ከውሻ ነው። እብድ ውሻ ከሚነክሳቸው ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ለጣና ዙሪያ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 ወረርሽኙ ትግራይን፣ ወሎን፣ በጌምድርንና ጎጃምን እንዳዳረሰ ተጽፏል። ሐይቁ የተኛው በኋለኞቹ ሁለቱ መካከል ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አያቶቻችን ውሻውን በዱላ ሲያሳድዱ፣ እኛ በስትሪክኒን ስናሳድድ ኖረናል። በሽታው አሁንም አብሮን አለ።

ለምን እንደማይጠፋ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ የአንድ ሰፈር ቆሻሻ ማየት ይበቃል። ውሻ የሚኖረው ምግብ ባለበት ነው። ዓሣ የሚራገፍበትና አንጀቱ የሚጣልበት የሐይቁ ዳርቻ፣ የቄራው ጓሮ፣ የሆቴሉ የኋላ በር እስካሉ ድረስ የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይሆንም። አጎራባች ሰፈር ያለው ይመጣል፤ የተረፈችዋ እናት በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ትወልዳለች፤ ፉክክሩ ስለቀነሰ ቡችሎቿ ይበዛሉ። ከሁሉ የሚከፋው መርዙ መምረጥ አለመቻሉ ነው። የተከተበውንና ያልተከተበውን፣ የልጆች መጫወቻ የሆነውን ቡቺንና ለሃጩ የሚዝረከረከውን በሽተኛ እኩል ይጥላል። የበሽታውን ሰንሰለት ለመበጠስ ከመቶ 70 ውሻ መከተብ አለበት ይባላል። ክትባት ወስዶ ለሰፈሩ ጋሻ የሆነውን ውሻ ገድሎ በምትኩ ማንነቱ የማይታወቅ መጤ ማስገባት ታዲያ ምን ዓይነት ጤና ጥበቃ ነው?

ስትሪክኒን እንዴት እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ማስታወቂያውን በዚያ ቅለት አያነብም። ጡንቻ ይገተራል፤ አካል እንደ ቀስት ይለመጣል፤ ትንፋሽ እስኪቆም ድረስ እንስሳው ራሱን አያጣም። ሬሳው ቶሎ ካልተነሣ ጥንብ አንሳውም በልቶ ይሞታል። ከተማን ያለ ደመወዝ የሚያጸዳ አንድ ወፍ ቢኖር እሱ ነው።

ባሕር ዳርን ለማስዋብ የሚደረገውን ጥረት ጋዜጣችን አይነቅፍም። የሐይቁ ዳር መንገድ ለሕዝብ መከፈቱ የሚያስመሰግን ነው። በዚያ መንገድ ማለዳ የሚሮጥ ወጣት፣ ለቅዳሴ የምትገሠግሥ እናት ውሻ መፍራታቸውም ተገቢ ነው፤ ፍርሃታቸውን ማቃለል አንፈልግም። ያበደ ወይም ሰው ማጥቃት የለመደ ውሻ በባለሙያ እጅ፣ ያለ ሥቃይ ይወገድ ከተባለ አንከራከርም። የምንከራከረው ከጅምላ መርዝ ጋር ነው። ይህንንም የምንለው የኃላፊዎቹን ቅንነት በመጠራጠር አይደለም፤ ቅንነት ግን በበጀት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ነው የሚታየው።

ሌላ መንገድ አለ። ውሻው ይያዛል፤ ይከተባል፤ ወንዱ ይኮላሻል፣ ሴቷ እንዳትወልድ ትደረጋለች፤ በማደንዘዣ ሳለ የጆሮው ጫፍ በትንሹ ይቆረጥና ወደ መጣበት ሰፈር ይመለሳል። ያን ጆሮ ከሩቅ ያየ ሰው «ይሄ ተከትቧል» ይላል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2025 የዴልሂ የጎዳና ውሾች በሙሉ ተለቅመው መጠለያ ይግቡ ብሎ አዝዞ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ራሱ አሻሽሎ፣ ካበዱትና ከተናካሾቹ በቀር ከተከተቡና ከመከኑ በኋላ ወደ ሰፈራቸው ይመለሱ አለ። በኋላ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ግቢ ጠንከር ያለ ትእዛዝ ቢጨምርም መርዝ ይበተን ያለ ግን የለም። በእኛው አገር በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ከዚህ በሽታ ለማትረፍ የአካባቢው ገበሬ ውሾች ለዓመታት ሲከተቡ ኖረዋል። ለቀበሮ የተቻለው ለሕፃን እንዴት ያቅተናል?

ከየት ይጀመር ለሚለን መልሳችን የጣናው ደሴት ደቅ ነው።

የሚስቅ ይኖራል። ደቅ ግን በውኃ የተከበበ ነው፤ መርከብ ወይም ታንኳ ካላመጣው አዲስ ውሻ አይገባበትም። በከተማ የማይቻለው ነገር፣ ማለትም ቆጥሮ መጨረስ፣ እዚያ ይቻላል። ደሴቱ ላይ ውሻ የደጅ ጠባቂ፣ የእህል ዘብ ነው፤ ባለቤቱም የሚታወቅ ነው። የክትባት ሳጥን ይዞ የሚሻገር ጥቂት የባለሙያ ቡድን በቀናት ውስጥ ብዙውን ሊያዳርስ ይችላል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያው ናት፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ «ነገ ውሾቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ቢል ከየትኛውም ማጉያ በተሻለ ይሰማል። በዘንዘልማ ግቢ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉ፤ ጎንደርም እንደዚሁ። እጃቸውን የሚያፍታቱበት ከዚህ የተሻለ ሥራ የት ይገኛል?

ሌላም የተዘነጋ ኃይል አለ፤ በሐይቁ ዳር ካሜራ አንግተው የሚውሉ ወጣቶች። ውሻን ለመቁጠር ገመድ ወይም ቀለም የግድ አያስፈልግም። አንድ ማለዳ በተወሰነ መንገድ ላይ የታየው ውሻ ሁሉ ፎቶ ይነሣል፤ በማግስቱ በዚያው መንገድ እንደገና ይነሣል። የፀጉሩ ቀለም፣ የጅራቱ ቅርጽ፣ የጆሮው ጠባሳ መለያው ነው። በሁለተኛው ቀን ከተነሡት ስንቱ የትናንቱ እንደሆነ ሲታይ የጠቅላላው ብዛት ይገመታል። ያው ፎቶ ለቡችላዋ ባለቤት ለማፈላለግ፣ የተከተበውን ካልተከተበው ለመለየትም ይረዳል። የገዳማቱን ሥዕል ያነሣ ሌንስ አንድ ማለዳ ወደ ቄራው ጓሮ ቢዞር የሚጎድልበት የለም።

ደቅን የመረጥንበት ሌላው ምክንያት ያሳስበናል። እዚያ የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ከታጠበ በኋላ በቶሎ ክትባት ማግኘት አለበት። አንድ መርፌ ደግሞ አይበቃም፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ ከዚያም እንደገና መወጋት አለበት። ክትባቱ ያለው ከተማ ከሆነ ያ ሁሉ ሐይቅ መሻገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ምን እንደሚመስል ታንኳ የቀዘፈ ያውቃል። የጀልባ ኪራይ ያጣ አባት ወደ ሥር ቀማሚው ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ቀማሚውም ሐኪሙም አያድኑም። አባቶቻችን ያለ ተጠያቂ የፈሰሰን ደም «ደመ ከልብ» ይሉታል። እዚህ ላይ የውሻውም የልጁም ደም አንድ ሆኖ ቀርቷል።

የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ቅድሚያ ከተሰጣቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አንደኛ ሆኖ ተመርጧል። ስለዚህ ችግሩ አልታወቀም ማለት አይቻልም። የጸጥታው ሁኔታ ሥራን እንዳከበደ እናውቃለን፤ በሽታው ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ለሚመለከታቸው የክልሉ ጤናና እንስሳት ሀብት ኃላፊዎች ሦስት ጥያቄ አለን። በደቅ ጤና ተቋም ውስጥ ዛሬ ለተነከሰ ሰው ስንት ክትባት አለ? በዚህ ዓመት ለውሻ ክትባት ስንት ብር ተመደበ፣ ለመርዝ ግዢስ? «ውሻችሁን እሰሩ» የሚለው መኪና በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ ከኋላው የእንስሳት ሐኪም ይኖራል? መልሱ ሲደርሰን ሳንቆርጥ በዚሁ ገጽ እናትመዋለን።