የሰው ነዳጅ አያዘምት

ፍላቂት ላይ ቆሞ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀውን መንገድ የተመለከተ ሰው፣ የአገራችን የጦር ፖሊሲ በቤተ መንግሥት ብቻ እንደማይጻፍ ይገባዋል። እህል የጫነውም ሆነ ወታደር የጫነው መኪና ዳገቱን የሚወጣው ከባሕር ማዶ ተገዝቶ ባመዛኙ በጅቡቲ በኩል በገባ ነዳጅ ነው። በሩ ግን የሰው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዋድላ አልፈዋል። ፍጻሜው ባያምርም መድፉን የጎተተው የአገር ልጅ ክንድ ነበር። ያን ጉልበት የሚሸጥም፣ የሚከለክልም ባዕድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ደርግ ነዳጁንም ጥይቱንም ከሶቪየት ኅብረት በዱቤ ወሰደ፤ ከዱቤው ጋርም የአበዳሪውን ወዳጅና ጠላት ተረከበ። አበዳሪው እጁን ሰበሰበ፤ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ያ ግዙፍ ጦር ተበተነ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የአሰብ በር ተዘጋብን፤ ጅቡቲ ጉሯችን ሆነች።

ዛሬ የባሕር በር ነጋሪት ይጎሰማል። ባሕር የሌላት አገር በ2011 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ተፈራረመች። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድም፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ስምምነት እስኪደረስ ድረስ፣ ከሞቃዲሾ ጋር አፋጦን ቆየ።

የባሕር በር ጥያቄ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን «ወደብን በጦር እናምጣ» የምትሉ ሆይ! ታንኩ የሚጠጣውን ናፍጣ በማን ወደብ ልታስገቡ ነው? ጎረቤት ፊቱን ቢያዞር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ቢታወክ፣ ስንት ቀን ልትዋጉ?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ኃይል ታንክ አይነዳ ይሆናል፤ ወፍጮን፣ ፋብሪካን፣ ባቡርንና መኪናን ግን ይነዳል። በራሳችን ወንዝ የተካነው እያንዳንዱ በርሜል ከጦርነት ሰበብ አንዱን ይቀንሳል። የመከላከያ ፖሊሲም ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት በዚሁ በፍላቂት መንገድ መጥቷል። ሹማምንት የነዳጅን ዋጋ በዶላር ያሰላሉ፤ የመቄት እናት ግን በልጇ ትከፍላለች። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የሰው ነዳጅም አያዘምት።