ወረንጦ ዓይን አያድንም

ወረንጦ እሾህ መንቀያ ብቻ ይመስላችኋል? በብዙ የገጠር ቤት ወረንጦ የዓይን ሐኪም ነው። እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚወጋቸውን ፀጉር እርስ በርስ ይነቃቀላሉ፤ ለጥቂት ቀን እፎይ ይላሉ፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል።

ነገሩ ትራኮማ ነው። ከሕፃን ዓይናር በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰስና ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ብርሃን ይነሳል። ከወንዶች ይበልጥ የሚጎዱት ሴቶች ናቸው፤ ሕፃን አቅፈው የሚውሉት እነሱ ናቸውና። የታጠፈውን ቆብ የሚመልሰው ቀዶ ጥገና ግን የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትራኮማ የሚመክረው አራት ነገር ነው፦ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንፅህና እና የአካባቢ ንፅህና። እኛ የምንጎብዘው በሁለተኛው ነው። አዚትሮማይሲኑን ፋይዘር በነፃ ይለግሳል፤ ዘመቻ ይታወጃል፣ ኪኒን ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን ውሃና ሽንት ቤት የሌለው መንደር በኪኒን የሸኘውን በሽታ መልሶ ይቀበለዋል። አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ሰዓታት ለምትጓዝ እናት «የልጅሽን ፊት እጠቢ» ማለት ምክር ሳይሆን ስላቅ ነው።

«ድሃ አገር ነን» ትሉኝ ይሆናል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022፣ ማሊ በ2023 ትራኮማ የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት ተመስክሮላቸዋል። ማላዊና ማሊ ከእኛ ሀብታም ሆነው ነው? በዓለም ትልቁን የትራኮማ ሸክም የተሸከምነው ግን እኛ ነን።

ሌላው ጉዳችን «ዕድሜ ነው» የምንለው ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኖቻችን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ በጠብታ አይገፈፍም። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል፣ ብዙዎችም በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ። ግላኮማ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የወሰደውን አይመልስም፣ መድኃኒቱ የቀረውን ለማትረፍ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሞራ ነው፣ ይቆይ» ከማለት በፊት መመርመር ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱ ወዳጆቼ፣ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ውረዱ፦ «እማማ፣ ዓይንሽን ይወጋሻል?» አዎ ካሉ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ አድርሷቸው። መንገዳችሁ በቀበሌው በኩል ከሆነ ደግሞ ጎራ በሉና «ቧንቧው መቼ ነው የሚገባው?» ብላችሁ ጠይቁልን።