ስለ ፈረንሳዮች የካርታ ጨዋታ

ሰው ከሥራው ሲያርፍ የሚጫወተው ጨዋታ ጠባዩን ይገልጣል። በአገራችን መኳንንቱ በሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እንደሚወዱ ጽፏል። በሰንጠረዥ ንጉሥ ይከበባል እንጂ አይወሰድም። በፈረንሳዮች ካርታ ግን ንጉሥ በታናሽ ካርታ ይማረካል።

ካርታ ወደ ኤውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ከግብጽ መማሉኮች አገር እንደ ሄደ ሊቃውንት ይናገራሉ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1377 ዓ.ም. የፊሬንዜ ከተማ የሚያግደው ደንብ አወጣችበት፤ ጨዋታው ግን አልቆመም። ዛሬ በጌዶ ወይም በአምቦ ካርታ የሚገዛ ሰው የሚያያቸውን አራት ምልክቶች፥ ልብን፥ አራት ማዕዘንን፥ የማገጥ ቅጠልንና የጦር ጫፍን፥ ፈረንሳዮች በ1480 ዓ.ም. ገደማ አወጡ። ለነገሥታቱም ስም ሰጡ፤ የጦሩ ዳዊት፥ የማገጡ እስክንድር፥ የአራት ማዕዘኑ ቄሣር፥ የልቡ ሻርል ይባላሉ።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ በየተራው አንድ ካርታ ይጥላል፤ መጀመሪያ የተጣለው ምልክት በእጁ ያለው ሰው ያንኑ መጣል ግዴታው ነው፤ ብልጫ ያለውን የጣለ የተጣሉትን ሁሉ ይሰበስባል። ነገር ግን ከአራቱ ምልክቶች አንዱ ለጊዜው ይሾማል፤ የተሾመውም ታናሽ ካርታ የሌላውን ንጉሥ ያሸንፋል። ቀድሞ ከዚህ ወገን የሆነውን አንዱን ጨዋታ «ትሪዮምፍ»፥ ማለት ድል፥ ይሉት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ በተስፋፋውና በ32 ካርታ በሚጫወቱት «በሎት» ደግሞ የተሾመው ምልክት አሽከር 20 ነጥብ ሲቈጠርለት ለንጉሡ 4 ብቻ ነው። ፈረንሳዮች በ1793 ዓ.ም. ንጉሣቸውን በገደሉበት ጊዜ ነገሥታቱን ከካርታውም አውጥተው ነበር፤ ኋላ ግን ተመለሱ።

ሹመቱ የሚቆየው ለአንድ ዙር ነው፤ ካርታው እንደ ገና ሲታደል ሌላው ይሾማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ብሎ ሹመኛ ካርታውን ቶሎ የሚጨርስ ሰው በመጨረሻ የሚመክትበት ያጣል። ዐዋቂ ግን የወጣውን እየቈጠረ ለሚያስፈልገው ሰዓት ያቈያል፤ የባልንጀራውንም እጅ ያስባል። ልጆች ከዚህ ሒሳብና ትዕግሥት ይማራሉ።

ገንዘብ ሲገባበት ግን ጨዋታነቱ ይቀራል። በፍርድ ቤት የሚጽፍ ሰው የቁማር ዕዳ በሬን ከበረት፥ ሚስትን ከትዳር እንደሚያስወጣ ይሰማል። ስለዚህ አባት ልጁን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ አብሮ ተቀምጦ ያለ ገንዘብ ቢያስተምረው ይሻላል፤ ተሰውሮ የሚማረው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከነውርርዱ ነውና።