ኮሮና ያስለመደንን የሦስት ወር መድኃኒት ለምን ተውነው?

ስለ ኮሮና ሲወራ ሰው የሚያነሳው ሚሊኒየም አዳራሽን፣ ጭንብሉንና የኦክስጅን እጥረቱን ነው። እኔ የማነሳው የጤና ጣቢያ ቀጠሮን ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ መመሪያው «ሰው አይሰብሰብ» ሆነ። ታዲያ በየወሩ መድኃኒት ለመውሰድ የሚሰለፉት የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎች ምን ይሁኑ? ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ቫይረሱ ካገኛቸው የማይምራቸው ናቸው። ስለዚህ ሕመሙ ለተረጋጋለት ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጡ ጤና ተቋማት በዙ።

ነገሩ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ወገኖች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት የተጀመረው ከኮሮና በፊት ነው። ለአንዱ የዕድሜ ልክ ሕመም የሠራ አሠራር ለሌላው የማይሠራበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። (ኢንሱሊን የሚወጉትን አልጨመርኩም፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የሦስት ወር ኢንሱሊን አያስቀምጥም።)

ፍርሃቱ ሲያልፍስ? የማውቃቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ወደ ወርኃዊው ሰልፍ ተመልሰዋል። ለቀን ሠራተኛ ያ ሰልፍ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ከገጠር ለሚመጣው ደግሞ የትራንስፖርቱ ይጨመርበታል። ሰው ሲሰለቸው ይቀራል፣ ክኒኑን ያቋርጣል። ግፊቱም ድምፅ ሳያሰማ ከፍ ይልና አንድ ጠዋት ስትሮክ ሆኖ ይመጣል።

«ግፊቱ ሳይለካ እንዴት ዝም ብሎ መድኃኒት ይሰጣል?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ መለካት አለበት። ግን እኮ በሚያዝያ 2012 አዲስ አበባ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሙቀት ሲለኩ አይተናል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ በሙያቸው ነርሶች ናቸው። የሙቀት መለኪያ ተይዞ ከተንኳኳ በር ላይ የግፊት መለኪያ ተይዞ ቢመጣ ምን ይገርማል?

ከበድ የሚለው ሌላው መልስ ነው፤ መድኃኒቱ የለም። መደርደሪያው ላይ ያለው ለአንድ ወር እንኳ የማይበቃ ከሆነ ፋርማሲስቱ ቢያብቃቃ አልፈርድበትም። የጤና መድህን አባል ሆኖ «ከውጭ ግዛ» የተባለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ታካሚው በዓመት የሚውጠው ክኒን በየወሩም ወሰደው በየሦስት ወሩ ቁጥሩ ያው ነው። የሚጨምረው መጀመሪያ ላይ መያዝ ያለበት ክምችት ነው። ይህ ደግሞ የግዢና የሥርጭት ሥራ ነው፤ በታካሚው እግር የሚካካስ አይደለም።

ጤና ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ጤና ቢሮዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱልን። ሕመሙ የተረጋጋለት የግፊት ወይም የስኳር ታካሚ የሦስት ወር መድኃኒት መውሰድ መብቱ ነው ወይስ የጤና ጣቢያው በጎ ፈቃድ? መብቱ ከሆነ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ።