ሲለምን የነፈጉትን በግድ ተቀበል አሉት!

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይላል ያገራችን ሰው። የኒውዮርኮች ሕግም የተወለደው እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1999 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኬንድራ ዌብዴል የተባለች የ32 ዓመት ሴት በማንሃታን 23ኛው ጎዳና የምድር ውስጥ ባቡር ቆማ ስትጠብቅ፣ የማታውቀው ሰው ገፍትሮ ሐዲዱ ላይ ጣላት። ባቡሩ ደርሶ ነበርና ሕይወቷ አለፈ። ገፊው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ነበር። ከተማው ተሸበረ። ስምንት ወር ሳይሞላ ገዥው ጆርጅ ፓታኪ በሟቿ ስም የተሰየመውን “የኬንድራ ሕግ” ፈረሙ።

ሕጉ ምን ይላል? ዳኛ አንድን የአእምሮ ሕመምተኛ “እቤትህ እየኖርክ በግድ ታከም” ብሎ ማዘዝ ይችላል። የሚታዘዘው መድኃኒቱን እያቋረጠ በ36 ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል የገባ፣ ወይም በ48 ወራት ውስጥ በራሱ ወይም በሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም የዛተ ነው። እምቢ ካለ ተይዞ እስከ 72 ሰዓት ለምርመራ ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል።

እሰየው ያሰኛል አይደል? ቆይ እንጂ! ያ ገፊ ማን ነበር? በ1997 እና በ1998 በየሆስፒታሉ ሲመላለስ የከረመ ሰው ነው። ፖሊስ እየጎተተው ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ በገዛ እግሩ እየሄደ “እርዱኝ” ያለባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ክትትል ያለበት መኖሪያ ተጠየቀለት፤ ቦታ የለም፣ ወረፋ ጠብቅ ተባለ። ከአደጋው ሦስት ሳምንት ግድም ቀድሞ ሆስፒታል ያሰናበተው የአንድ ሳምንት መድኃኒት አስይዞ ነው። ታዲያ ሕክምናን እምቢ ያለው ማን ነው? እሱ ወይስ መንግሥት?

በ1950ዎቹ አጋማሽ የኒውዮርክ ግዛት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ90 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ነበሯቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ10 ሺህ በታች ቀሩ። “በየሠፈሩ ክሊኒክና መኖሪያ እንሠራላችኋለን” ተብሎ ነበር በሩ የተዘጋው። በሩ ተዘጋ፤ የተባለው ያህል ግን አልተሠራም። ሰው ሲሞት ግን ዳኛ ፊት የቀረበው ቃሉን ያጠፈው ባለሥልጣን ሳይሆን ሕመምተኛው ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው!

“ሕጉ እኮ ሠርቷል” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በ2009 የወጣው ግምገማ ሆስፒታል መመላለስ እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን ከትእዛዙ ጋር ገንዘብና ተከታታይ ባለሙያም አብሮ መጥቷል። ፈዋሹ የቱ ነው? የዳኛው ማኅተም ወይስ ባለሙያው? በዚያው ከተማ በቤልቪው ሆስፒታል በተደረገና ውጤቱ በ2001 በታተመ ሙከራ፣ የታዘዙትም ያልታዘዙትም እኩል የተሻለ አገልግሎት ሲያገኙ ወደ ሆስፒታል በመመለስ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንግሊዞችም በ2008 ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አዋሉ። በ2013 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ከ330 በላይ ሰዎች ተከታትሎ፣ በጥብቅ ትእዛዝ ካሉትም ከሌሉትም በዓመት ውስጥ 36 በመቶው ሆስፒታል እንደተመለሱ አገኘ። እኩል በእኩል!

ይባስ ብሎ በኒውዮርክ ሕጉ ሲጀመር አገልግሎቱ ለታዘዘው ቅድሚያ ተሰጠና በፈቃዱ የመጣው ሕመምተኛ ወደ ኋላ ተገፋ። እንዴ! ለመታከም መጀመሪያ መከሰስ ያስፈልጋል ማለት ነው? ትእዛዙም በሁሉ ላይ እኩል አልወደቀም። በ2005 እዚያው ያሉ የሕዝብ ጥቅም ጠበቆች ባወጡት ዘገባ፣ ጥቁሩ በትእዛዙ የመያዝ ዕድሉ ከነጩ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። እዚያ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ያ አገር ልጃችሁን የሚቆጥረው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ልጇ “አልታመምኩም” እያለ በየመንገዱ የሚያድርባትን እናት አንወቅስም። ጭንቋን እናውቀዋለን። እኛም አገር ልጁን በሰንሰለት አስሮ ጠበል የሚያደርስ ወላጅ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ በር ስላጣ ነው። ለዚህች እናት የሚያስፈልጋት ግን ስትጠራው የሚደርስ ሐኪም፣ አልጋና መጠለያ ነው እንጂ ወረቀት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ግዴታ ካለ ግዴታው የሁለት ወገን ይሁን። ሕመምተኛውን “መድኃኒትህን ውሰድ” የሚል ዳኛ፣ መንግሥትንም “አልጋውን በዚህ ቀን አቅርብ፣ ባለሙያውን መድብ፣ አለዚያ ትጠየቃለህ” ይበል። በፈቃዱ መጥቶ በር የሚያንኳኳው ይቅደም። ይህ ሳይሆን የኬንድራን ስም ሕግ ላይ መጻፍ፣ ሟቿን ለመንግሥት ጥፋት መሸፈኛ ማድረግ ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!