ትምህርታችንና ወንዛችን

ርዕሰ አንቀጽ

በዚህ ዓመት የአካባቢ ሳይንስና ሥነ ምኅዳር ከምንማረው መካከል ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን ርዕስ መርጠን ለመምህራኖቻችን አቅርበናል። ዝርዝሩን ስንመለከተው ግን አንድ ነገር አሳሰበን። ገሚሱ ስለ ስሜን ተራሮች፣ ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከባሕር ማዶ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በየቀኑ ድልድያቸውን ስለምንሻገረው ስለ አንገረብና ስለ ቀሃ ወንዞች ለመጻፍ የተነሣው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ይህን ስንል ስለ ስሜን ተራሮች የሚጽፉትን ጓደኞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ የሆነው ያ ምድር ለማንም ተማሪ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። ፓርኩ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ መቆየቱን፣ ከዚያም ከመውጣቱ በፊት የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን ያጠና ሰው፣ ተፈጥሮን መጠበቅ ዋጋ እንደሚጠይቅ፣ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ገበሬው መሆኑን ይማራል። ነገር ግን ተራራው ብዙ ወዳጆች አሉት፤ ወንዞቻችን ጠበቃ የላቸውም።

እስቲ የከተማችንን ታሪክ እናስታውስ። በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. መካከል በደምቢያ ወባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ እልቂት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች በዚያ ተምረው በቡድን ወደ ገጠር ይወርዱ ነበር። የሳኒተሪያኑ ሥራ ምንጭን ከብክለት መጠበቅ፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ትንኝ የሚራባበትን የታቆረ ውሃ ማድረቅ ነበር። ሥነ ምኅዳር የሚለው ቃል በተማሪ አፍ ገና ባልተለመደበት ዘመን ሥራው ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በ1950 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው ሌላው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን ገደለ። በሽታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው፣ ወባን እምብዛም ወደማያውቀው አገር የዘለቀው ዝናቡ ከወትሮው በዝቶ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ለትንኟ ስለተመቻት መሆኑ ተጠንቷል። ዝናብ፣ ሙቀት፣ ኩሬ፣ ትንኝና ሰው በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸውን ከዚህ አብልጦ የሚያስተምር ምን መጽሐፍ አለ?

ዛሬም ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከደጃችን ነው። አንገረብና ቀሃ ከተማችንን ግራና ቀኝ ይዘው ይወርዱና ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ውሃው ሲወርድ የከተማውን ፍሳሽ፣ የገበያውን ጥራጊ፣ ከተራቆተው ዳገት የታጠበውን አፈር፣ ከማሳው የተጠረገውን ማዳበሪያ ተሸክሞ ነው። ለከተማው የመጠጥ ውሃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ውሃ የመያዝ ዐቅሙ መቀነሱን ማንም አይስተውም፤ ጀሪካን ይዘን ተራ የምንጠብቀው እኛው ነንና። ከግድቡ ያመለጠውም ሆነ በሌላው ወንዝ የወረደው ጉዞውን ወደ ሐይቁ ይቀጥላል።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የታየው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የተነሣ አረም ነው። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የበዛበት ውሃ ይስማማዋል፤ ሲስማማውም በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። እንግዲህ የደምቢያ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል፣ እኛ ከላይ ሆነን ስንመግበው ኖረናል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ለትምህርት ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወርደን ነበር። ቅጠሉን ለክተን፣ ሥሩን መዝነን፣ የላቲን ስሙን በደብተራችን ጽፈን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠጋ አሉና፣ «ልጆቼ፣ የምትማሩት የዚህን አረም ስም ለማወቅ ነው ወይስ ለማጥፋት?» ሲሉ ጠየቁን። «ለማጥፋት ነው፣ አባቴ» አልናቸው። «ከእናንተ በፊት የመጡትም እንዲሁ ለክተው ሄዱ። ምን እንዳገኙ ግን ተመልሶ የነገረን የለም» አሉን። የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን።

የሽማግሌው ወቀሳ እውነት ነው። እያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይለካል፤ ይጽፋል፤ ይመረቃል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ወር፣ በሌላ ዘዴ እንደ አዲስ ይጀምራል። አንድ ወንዝ እየተበላሸ ወይም እየተሻለው መሆኑ የሚታወቀው ግን በአንድ ቦታ ዓመት ከዓመት ሲለካ ነው። ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው አያነበውም።

አንዳንዶች መሣሪያ የለንም ይሉ ይሆናል። ውድ መሣሪያ ቢኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን የወንዝ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ አሳድሮ፣ ከሥሩ የረጋውን ጭቃ በማስመሪያ ለመለካት ምን ያስፈልጋል? ክብ ቆርቆሮ ነጭና ጥቁር ቀብቶ፣ በገመድ አስሮ ግድቡ ውስጥ እያወረዱ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መመዝገብ በመላው ዓለም የታወቀ ዘዴ ነው። ሌሎች ደግሞ በዚህ ጊዜ መንገዱ ሩቅ ለመሄድ አያመችም ይላሉ። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው በእግር የሚደረስበትን ወንዝ እንያዝ የምንለው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበርና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በአንገረብ፣ በቀሃና በመገጭ ላይ የታወቁ ቦታዎች ተመርጠው፣ በክረምት መግቢያ፣ በክረምት ማብቂያና በበጋ በየዓመቱ እንዲለኩ፤ ውጤቱም ተመራቂው ለተከታዩ በሚያስረክበው አንድ መዝገብ እንዲጻፍ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለት ገጽ የማይበልጥ የአማርኛ ማጠቃለያ እንዲኖረው፤ ያም ጥናቱ ለተደረገበት ቀበሌ እንዲደርስ፣ ጸሐፊውም በቦታው ተገኝቶ እንዲያስረዳ። ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ከማለታችን በፊት ከመኝታ ቤታችንና ከመመገቢያ አዳራሻችን የሚወጣው ቆሻሻና ፍሳሽ የት እንደሚደርስ ተከትለን እንድናይ። ከእኛ ዘንድ የወጣ ፕላስቲክ በወንዙ ዳር ተጥሎ ሳለ ገበሬውን ስለ ንጽሕና ብናስተምር ማን ይሰማናል?

እርግጥ መዝገብ መያዝ ብቻውን እምቦጭን አይነቅልም፤ ደለሉንም አይጠርግም። በዳገቱ ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ ነው፤ ፍሳሹን የሚያጣራ ሥራ የሚያቆመው መንግሥትና ከተማው ነው። ነገር ግን ደለሉ ከየትኛው ዳገት እንደሚመጣ፣ የተሠራውም እርከን ጠቅሞ እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ሰው ከሌለ፣ ድካሙ ሁሉ በግምት ይቀራል። የተማረ ሰው ድርሻ ይህ ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ ትምህርት የገባነው ሌላ ምርጫ አጥተን መሆኑን አንደብቅም፤ ሳንመርጠው የመጣው ትምህርት ግን ለአገራችን የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኝቷል።

ክረምቱ በመጣ ቁጥር መገጭ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት የመጀመሪያው መዝገብ ተከፍቶ፣ የመጀመሪያው ገጽ ተጽፎ ለማየት እንሻለን። ያን ጊዜ ወደ ደምቢያ ወርደን፣ ያን ሽማግሌ ፈልገን፣ ያገኘነውን በአማርኛ እንነግራቸዋለን።